ዳግመኛ ተውኔት ላይጽፍ የማለው ደራሲ

ጥቅምት 20 ቀን 1889 ዓ.ም.፣ ማለትም የዐድዋን ጦርነት በይፋ የቋጨው የአዲስ አበባ ውል በተፈረመ በሦስተኛው ቀን፣ በሩሲያ ርእሰ ከተማ በሴንት ፒተርስበርግ አንድ አዲስ ተውኔት ለመድረክ በቃ። ቲያትር ቤቱ የታወቀው አሌክሳንድሪንስኪ ነው። የተውኔቱ ርእስ «ቻይካ»፣ በእኛ አነጋገር «የባሕር ወፍ»፣ ደራሲው ደግሞ የ36 ዓመቱ ሐኪም አንቶን ቼኾቭ ነበር።

መጋረጃው ተገልጦ ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ግን ደራሲው የፈለገው ሳቅ አልነበረም። የኒናን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው ቬራ ኮሚሳርዤቭስካያ ረጅሙን ንግግሯን ስትጀምር ተመልካቹ አፌዘባት፤ እሷም ተደናገጠች። ቼኾቭ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ መድረኩ ጀርባ ሄደና በአንድ የመልበሻ ክፍል ተሸሸገ። ትርኢቱ ሲያበቃ ለማንም ሳይናገር ወጣ፤ እስከ እኩለ ሌሊት በኋላም በከተማይቱ ጎዳናዎች ብቻውን ሲዘዋወር ቆየ። በእንግድነት ወዳረፈበት ወደ ወዳጁና አሳታሚው ሱቮሪን ቤት ሲመለስ፣ 700 ዓመት ቢኖር እንኳ ሁለተኛ ለመድረክ ተውኔት እንደማይሰጥ ነገረው። በማግስቱ በባቡር ተሳፍሮ በሞስኮ አቅራቢያ ወደሚገኘው የገጠር ቤቱ፣ ወደ ሜሊኾቮ፣ ነጎደ።

ለመሆኑ ተውኔቱ ስለምን ወደቀ? ፍርዱን በተመልካቹ ድንቁርና ላይ መጣል ቀላል ነው፤ ነገር ግን እውነቱ ከዚህ ይሰፋል። ያ ምሽት ሌቭኬዬቫ የተባለች በአስቂኝ ገጸ ባሕርያት የታወቀች ተዋናይት የክብር ምሽት ነበር። ተመልካቹ የመጣው እሷን ለማክበርና ከልቡ ለመሳቅ ነው። እሷ ግን በተውኔቱ ውስጥ አልነበረችበትም። ዝግጅቱም ቢሆን በጥቂት ልምምድ የተጣደፈ ነበር። በአንጻሩ ተውኔቱ ታላላቅ ድርጊቶች ከመድረክ ውጭ የሚፈጸሙበት፣ ሰዎች ስለ ተራ ነገር እያወሩ ሕይወታቸው የሚሰበርበት እንግዳ ሥራ ነው። ሠርግ ቤት የሄደ ሰው ሙሾ ቢሰማ ምን ይላል? የአሌክሳንድሪንስኪ ተመልካች የሆነው ይህንኑ ነው።

ቼኾቭ ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ለመጫን የቸኮለው አስቀድሞም ጥርጣሬ ስለነበረበት ነው። የገባር ልጅ ልጅ፣ የከሰረ ባለ ሱቅ ልጅ የነበረው ይህ ሰው ብዕር ያነሣው ቤተሰቡን ለመርዳት ነበር። ሕክምና እየተማረ በብዕር ስም ለአስቂኝ መጽሔቶች አጫጭር ጽሑፎችን ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ሽማግሌው ደራሲ ግሪጎሮቪች፣ ተሰጥዎህን አክብረው፣ ጥድፊያውን ተው የሚል ደብዳቤ ጻፈለት። የ26 ዓመቱ ወጣት በመልሱ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራውን አቅልሎ ያይ እንደነበር፣ ከአንድ ቀን በላይ የደከመበትን አንድም ታሪክ እንደማያስታውስ ተናዘዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፑሽኪን ሽልማት ተካፋይ ሲሆንም ጥርጣሬው አልለቀቀውም። «የባሕር ወፍ»ን እ.ኤ.አ. በ1895 መገባደጃ ጽፎ ሲጨርስ ለሱቮሪን በላከው ደብዳቤ ከሥራው ደስታ ይልቅ ቅሬታው እንደሚበልጥ፣ ተውኔቱን መልሶ ሲያነበውም ጸሐፌ ተውኔት አለመሆኑን እንደተረዳ ገልጿል። እንግዲህ የፒተርስበርግ ሳቅ አዲስ ቁስል አልፈጠረም፤ የነበረውን ቁስል ነካው እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አስተማሪ ነው። ቼኾቭ ሜሊኾቮ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ፈሪ መባሉን በመቃወም ለሱቮሪን ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ቤቱ እንደደረሰ የጉሎ ዘይት መጠጣቱን፣ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠቡን፣ አሁን ሌላ ተውኔት ለመጻፍ እንኳ ዝግጁ መሆኑን በሐኪም ቀልድ ነገረው። ቀልዱ ሕመሙን ሁሉ የሸፈነለት አይመስልም። ሆኖም ወደ ሥራው ተመለሰ። ገበሬዎችን አከመ፤ በአካባቢው ትምህርት ቤት እንዲሠራ ደከመ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 ሩሲያን ያነጋገረውን «ገበሬዎች» የተባለ ታሪኩን አሳተመ። ልብ እንበል፤ ይህን ያደረገው በራስ መተማመኑ ስለተመለሰለት አይደለም። መተማመን እስኪመለስ ሳይጠብቅ ነው የሠራው።

ኮሚሳርዤቭስካያም ከሁለተኛው ትርኢት እንደተመለሰች ተውኔቱ ድል ማድረጉን በደስታ ጽፋለት ነበር። እውነትም ነበር፤ ተራው ተመልካች በሁለተኛው ምሽት ሥራውን በጭብጨባ ተቀብሎታል። ግን ይህ ምሥራች የመጀመሪያውን ምሽት ከደራሲው ልብ ሊፍቅ አልቻለም። ይህ የብዙ ከያንያን ጠባይ ይመስለኛል፤ ስድብ በአንድ ቀን ይሰርጻል፣ ምስጋና ግን ደጅ ቆሞ ያንኳኳል።

እ.ኤ.አ. በ1898 ኔሚሮቪች ዳንቼንኮና ስታኒስላቭስኪ የሞስኮ አርት ቲያትርን መሠረቱ። ኔሚሮቪች ራሱ ጸሐፌ ተውኔት ነበረ፤ የ«የባሕር ወፍ»ንም ዋጋ ቀድሞ ካወቁት ጥቂቶች አንዱ ነው። ተውኔቱን እንዲሰጠው ሲጠይቀው ቼኾቭ እንቢ አለ፤ ያንን ጭንቀት ዳግም ሊሸከም እንደማይችል ጻፈለት። ኔሚሮቪች አልተወውም፤ ደግሞ ጻፈ፣ ደግሞ ለመነ፤ በመጨረሻ እሺ አሰኘው። ስታኒስላቭስኪ ተውኔቱ መጀመሪያ እንዳልገባው በኋላ አምኗል፤ ያም ሆኖ እያንዳንዱን እንቅስቃሴና ዝምታ በዝርዝር ጽፎ አዘጋጀው።

ታኅሣሥ 21 ቀን 1891 ዓ.ም. ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። ቼኾቭ የሳንባ ነቀርሳ ጸንቶበት በያልታ ነበር። እኅቱ ማሪያ ሌላ ውድቀት ወንድሟን ይገድለዋል ብላ ትርኢቱ እንዲቀር አዘጋጆቹን ለምናለች። የመጀመሪያው ክፍል አብቅቶ መጋረጃው ሲወርድ አዳራሹ ጸጥ አለ። ተዋንያኑ ወደቅን ብለው በድንጋጤ ቆሙ። ከረጅም ዝምታ በኋላ ጭብጨባው እንደ ጎርፍ ወረደ። በዚያው ሌሊት የምሥራቹ ቴሌግራም ወደ ያልታ ተላከ። የባሕር ወፏ ምስልም የቲያትር ቤቱ ዓርማ ለመሆን በቃች። 700 ዓመት ብኖር አልጽፍም ያለው ሰው ከዚያ በኋላ በቀሩት ከስድስት ያነሱ ዓመታት «ሦስቱ እኅትማማቾች»ንና «የቼሪው አትክልት ስፍራ»ን ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በ44 ዓመቱ አረፈ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን «የባሕር ወፍ» ራሱ ስለዚሁ ጉዳይ የሚናገር መሆኑ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ትሬፕሌቭ የተባለ ወጣት ጸሐፊ ሥራውን ሲያሳይ ስመ ጥር ተዋናይት የሆነች እናቱ ታላግጥበታለች፤ ወጣቱ በመጨረሻ ጽሑፎቹን ቀዳዶ ራሱን ይገድላል። ትሪጎሪን የተባለው ዝነኛ ደራሲ ደግሞ ሁሉ ያደንቀዋል፤ እሱ ግን በራሱ ሥራ ረክቶ አያውቅም። ዝናው ጥርጣሬውን አላዳነውም። ጥርጣሬውም ከመጻፍ አላገደውም። ቼኾቭ የፒተርስበርግን ምሽት ከማየቱ ከአንድ ዓመት በፊት ሁለቱንም መንገዶች ጽፏቸው ነበር ማለት ነው። በራሱ ላይ ሲደርስ በትሬፕሌቭ መንገድ ሁለት ቀን ያህል ተጓዘና ወደ ትሪጎሪን መንገድ ተመለሰ።

እንግዲህ ጥርጣሬ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው «ይህ ዓረፍተ ነገር ልክ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱ የሥራ ባልደረባ ነው። ሁለተኛው «አንተ ማነህና ትጽፋለህ?» ይላል፤ እሱ ሌባ ነው። የመጀመሪያው ከቼኾቭ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየም፤ የሞስኮውን ዝግጅት ራሱ ባየው ጊዜ እንኳ ብዙ ነገሩ አልጣመውም ነበር። ሁለተኛውን ግን ብቻውን አላሸነፈውም። የዕለት ሥራ አገዘው፤ ከዚህም ሌላ ኔሚሮቪች በሩን ደጋግሞ አንኳኳለት።

እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ወደ እኛ የሚመጣው። የወጣቶችን የመጀመሪያ ሥራ ስናይ ከአሌክሳንድሪንስኪ ተመልካች ወይስ ከኔሚሮቪች ወገን ነን? እንቢ ሲባል ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ «የባሕር ወፍ» በሳቅ የወደቀ፣ ማንም የማያስታውሰው ተውኔት ሆኖ በቀረ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትም ምናልባት አይጻፉም ነበር። በየቤቱ መሳቢያ ተቆልፎበት የቀረ ስንት የብራና ጽሑፍ አለ? ባለቤቱ ላይጽፍ ምሎ ይሆናል። መሐላው እንዲፈርስ ግን አንዳንዴ የሚያስፈልገው ደግሞ የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነው።