ድሃው በማን መዝገብ? የድህነት ትርጉምና የድጋፍ ተገቢነት በአራዳና በፒያሳ

አማርኛ ለተቸገረ ሰው ያለው ስም አንድ አይደለም። ድሃ፣ ምስኪን፣ ነዳይ፣ ጦም አዳሪ፣ የኔ ቢጤ፣ አቅመ ደካማ የሚሉት ቃላት ተቀራራቢ ቢመስሉም በአዲስ አበባ በአራዳ መንደሮች ሲነገሩ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፍርድ ተሸክመው ነው፤ «አቅመ ደካማ» የተባለ ሰው መረዳት እንደሚገባው በስሙ ተመስክሮለታል፣ «የኔ ቢጤ» የሚለው መጠሪያ ሰጪውንና ተቀባዩን በአንድ መደብ ያስቀምጣል፣ «ቦዘኔ» የተባለው ግን ኪሱ ከሁሉም የባሰ ባዶ ቢሆን እንኳ ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ድህነት ምንድን ነው የሚለውና ድጋፍ ለማን ይገባል የሚለው ጥያቄ በዚህ አኳኋን በቋንቋው ውስጥ ተቆራኝተው የኖሩ በመሆናቸው፣ በፖሊሲም ውስጥ አንዱ በሌላው ስም ሲመለስ ይታያል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ሁለቱ መለየት አለባቸው የሚል ነው፤ የሀገርን ድህነት ለመዘገብ የተሠራ መለኪያ በአንድ ደጃፍ የሚኖርን ሰው ለመለየት ሲውል፣ መጀመሪያ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ይበልጥ የተቸገረውን ነውና።

የመንግሥት መለኪያ የሚነሳው ከእህል ነው። በ1988 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚያገኝበት፣ ዝቅተኛ ኑሮ ያለው የሕዝብ ክፍል የሚመገበውን ዓይነት ምግብ የያዘ ቅርጫት ተዘጋጅቶ ዋጋው በዓመት 648 ብር ተተመነ፤ ለልብስ፣ ለመጠለያ፣ ለሕክምናና ለመሳሰሉት ሲታከልበት 1,075 ብር ሆነ። «የድህነት ወለል» የሚባለው ይህ መጠን ነው፤ ለአንድ አዋቂ ሲሰላ ከእሱ በታች የሚያወጣ ቤተሰብ ድሃ ተብሎ ይቆጠራል። ወለሉ የዋጋ ንረትን ተከትሎ እየተስተካከለ በ2008 ዓ.ም. 7,184 ብር የደረሰ ሲሆን፣ ይህም ለቀን ሲካፈል 19 ብር ከ68 ሳንቲም ነው። በዚሁ ስሌት የድሆች ድርሻ በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ፣ በከተሞች ደግሞ ወደ 14.8 በመቶ ወርዷል። ወለሉ አንድን ዘመን ከሌላው ዘመን፣ አንዱን ክልል ከሌላው ክልል ለማነጻጸር ያለው ጥቅም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው ምን ያህል ሰው የሚለው ሳይሆን ማን የሚለው ሲሆን፣ የ19 ብር ከ68 ሳንቲም መስመር በሠራተኛ ሰፈር ወይም በእሪ በከንቱ ግቢዎች መካከል የት ላይ እንደሚያልፍ ሊያሳይ አይችልም።

እንግሊዛዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ፒተር ታውንሴንድ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ድህነትን የተረጎመው በካሎሪ አልነበረም፤ ሰው በሚኖርበት ኅብረተሰብ ዘንድ የተለመደውን ኑሮ ለመኖር፣ ከሌሎች ጋር ለመዋልና ለመሳተፍ የሚያስችል አቅም ሲያጣ ድሃ ነው አለ። ይህ ትርጉም በአራዳ ያለ ብዙ ትርጓሜ ይገባል፤ ምክንያቱም የሰፈሩ ሰው የኑሮን መውረድ የሚያየው ከምሳ ሰዓቱ በፊት በዕድሩ ላይ ነው። የወር መዋጮውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያሳለፈ አባል በመጀመሪያ ይቀጣል፣ ቀጥሎ ስሙ በስብሰባ ይነሳል፣ በመጨረሻም ይሰረዛል፤ ያን ጊዜ ያጣው ድንኳንና ድስት ብቻ አይደለም፣ በሞት ጊዜ ከጎኑ የሚቆም ሰፈር ነው። ቡና አፍልታ ጎረቤት መጥራት የተወች፣ ለቅሶ ቤት ባዶ እጇን መሄድ አሳፍሯት የቀረች እናት ከወለሉ በላይ ልትመዘገብ ትችላለች፤ ጎረቤቶቿ ግን ቤቷ እንደጎደለ ካወቁ ወራት አልፏል።

በመኖሪያ ቤት ረገድም ወለሉ የማያሳየው ነገር አለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 አነስተኛ ኪራይ የነበራቸውን ቤቶች ለቀበሌ ሲያስረክብ፣ በመሐል ከተማ እጅግ ዝቅተኛ በሆነ ኪራይ ለአሥርት ዓመታት መኖር የሚቻልበትን ሁኔታ ፈጠረ። ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ከውስጥ ላየ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክፍሉ አንድ፣ ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው መጋረጃ፣ ከጣሪያው ሥር ልጆች የሚተኙበት ቆጥ፣ መጸዳጃው ከሌሎች አባወራዎች ጋር የጋራ ነው። ሆኖም ከዚያው በር ወጣ ሲሉ የፒያሳ ገበያ አለ፤ እንጀራ የምትሸጥ፣ ልብስ የምታጥብ፣ ሊስትሮ የሚሠራ፣ ጉሊት የምትዘረጋ ሁሉ ገቢያቸው የተመሠረተው በእግር በሚደረስ ደንበኛ ላይ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ የ1965 ዓ.ም.ን የወሎ ረሃብ ሲመረምር፣ ሰው የሚራበው እህል ከሀገር ስለጠፋ ብቻ ሳይሆን እህሉን የራሱ የሚያደርግበት መንገድ ሲዘጋበት መሆኑን አሳይቷል። ለአራዳ ነዋሪ የቦታው ቅርበት ከእነዚህ መንገዶች ዋነኛው ነው።

ይህ ነጥብ በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተመረቀ በኋላ በተካሄደው የፒያሳ የመልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት ሥራ ጎልቶ ታይቷል። ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ መንደሮች ሲነሡ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች የጋራ መኖሪያ ቤት ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት እንዲያገኙ ተደርጓል። ድህነትን በጤና፣ በትምህርትና በኑሮ ሁኔታ ዘርፎች ሥር በተዘረዘሩ አሥር አመላካቾች የሚመዝነውና ከእነዚህ ቢያንስ የአንድ ሦስተኛ ክብደት ያለው እጦት ያለበትን ሰው ድሃ የሚለው ባለብዙ ገጽታ የድህነት መለኪያ፣ እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ወደ ኮንዶሚኒየም በገባ ማግስት የተሻሻለ አድርጎ ይመዘግበዋል፤ የቤቱ ወለል ሲሚንቶ፣ መጸዳጃው የግል ሆኗልና። መሻሻሉ እውነት ነው፣ ማቃለልም አይገባም፤ ቆጥ ላይ ያደገ ልጅ በር ያለው ክፍል ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የእንጀራ ደንበኞቹን፣ የዱቤ ሱቁን፣ ለዓመታት የከፈለበትን ዕድርና ልጅ የሚጠብቅ ጎረቤት ያጣ ቤተሰብ ጉዳቱ ከአሥሩ አመላካቾች በአንዱም አይነበብም፤ የትራንስፖርት ወጪው ብቻ ቀድሞ ከሚከፍለው የቤት ኪራይ ብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ነዋሪውን በሀብት ደረጃው የተሻሻለ፣ በኑሮ መንገዱ የደኸየ የሚያደርገው ይህ ነው።

ድጋፍ ለማን ይገባል ወደሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣ፣ አራዳ የቆዩ መልሶች አሉት። ወር በገባ በ23 በአራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ለሚሰበሰቡ ነዳያን የሚሰጠው ምጽዋት የተቀባዩን ገቢ አይጠይቅም፤ ሰጪው የሚሰጠው ስለ ቅዱሱ ስም ነው። እዚያው ፒያሳ በሚገኘው በኑር መስጊድ የሚታወቀው የዘካ ሥርዓት በአንጻሩ ተቀባዮችን በስምንት ይመድባል፣ ከእነሱም ፉቀራንና መሳኪንን ለይቶ ይጠራል። መንግሥት እንደ ምጽዋት ሰጪው ሳይጠይቅ መስጠት አይችልም፣ ገንዘቡ የሕዝብ ስለሆነ ስለ ምርጫው መልስ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 ደግሞ መሥራት እየቻለ መተዳደሪያው የማይታወቀውን ሰው በተጠርጣሪነት ተመለከተ። በሁለቱ ሕጎች መካከል ጉልበት እያለው፣ ቀኑን ሙሉ እየሠራ የማይጠግብ ሰው ስም የለውም፤ በፒያሳ ጎዳና ላይ ግን ከሁሉ የሚበዛው እሱ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከረው የከተሞች የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነበር። ሥራው በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሮ 604,000 ሰዎችን ለማቀፍ የታቀደ ሲሆን፣ 84 በመቶዎቹ በአካባቢ ጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በመሰል ሥራዎች ተሰማርተው የሚከፈላቸው፣ 16 በመቶዎቹ ደግሞ ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕሙማን ነበሩ። በአዲስ አበባ ቀድመው የሚጀምሩት ወረዳዎች በዕጣ በመለየታቸው ተመራማሪዎች ውጤቱን ከሌሎቹ ወረዳዎች ጋር ማነጻጸር ችለዋል፤ የሥራ ፈላጊው ጉልበት በከፊል ወደ መርሐ ግብሩ በመዞሩ መርሐ ግብሩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ የግል ቀጣሪዎች የሚከፍሉት ደመወዝ በ18.6 በመቶ ገደማ እንደሚያድግ ገምተዋል። ለሚሠራ ድሃ መክፈል ስንፍናን ያስተምራል ለሚለው ሥጋት ከዚህ የበለጠ መልስ የለም፤ በዝርዝሩ ያልተካተተው የቀን ሠራተኛ ሳይቀር ተጠቅሟልና።

ድክመቱ ያለው በምልመላው ላይ ነው። ነዋሪዎች የመረጡት ኮሚቴ ችግረኞችን ይለያል፤ ቀጥሎ የቤቱ ዕቃ፣ ግድግዳው፣ የቤተሰቡ ብዛት በነጥብ እየተመዘኑ ገቢው በግምት ይሰላል። ኮሚቴው ጎረቤቱን ማወቁ ትልቅ ብርታት ነው፣ ነገር ግን ገመናውን ለጎረቤት ላለማሳየት ሲታገል የኖረ ሰው በዚያው ጎረቤት ፊት ችግሩን ዘርዝሮ ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ብዙዎች ያን ከማድረግ ጦም ማደርን ይመርጣሉ። በዕቁብ የተገዛ አንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ነጥብ ሊያሳጣ ይችላል፣ የመድኃኒት ዕዳ ግን በዕቃ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ከሁሉ የሚከፋው መነሻው የወረዳ ነዋሪነት መሆኑ ነው፤ በቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት የሚኖረው፣ ከአንዱ ቆጥ ወደ ሌላው ሲዛወር መታወቂያ ያላወጣው፣ በሲኒማ አምፒር አካባቢ በረንዳ ላይ የሚያድረው ወጣት የሚቆጠርበት በር ጠባብ ነው።

ዝርዝር ማንንም ሳያስቀር ወይም ማንንም በስሕተት ሳያስገባ ሊዘጋጅ አይችልም፤ ምርጫው ከሁለቱ ስሕተቶች የትኛው ይቅር ይባላል የሚለው ነው። ለማይገባው አንድ ሰው የተከፈለ የወር ክፍያ በሂሳብ ተመርምሮ ይታረማል፣ ሳይመዘገብ የቀረ ጦም አዳሪ ግን አቤቱታ የሚያቀርብበት ስም እንኳ የለውም። ስለዚህ የወረዳው መዝገብ ከመታወቂያ ይልቅ ከዕድር ዳኞች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከበረንዳ አዳሪዎቹ ከራሳቸው ምስክርነት መጀመር፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰውም ድጋፉን ይዞት ወደ አዲሱ ሰፈር እንዲሄድ መደረግ አለበት። ዛሬ ከአራዳ ወደ ዳር የተዛወረ አባወራ በሄደበት ወረዳ እንደ አዲስ ነዋሪ ተራ ይይዛል፤ ተራውን የሚወስንለት ኮሚቴ ግን አያውቀውም።