ስንፈተ ወሲብ

ሐኪሞች ስንፈተ ወሲብ የሚሉት የወንድ ብልት ለግንኙነት በሚበቃ መጠን አለመቆሙን፣ ወይም ቆሞ አለመዝለቁን ነው። ድካም ወይም መጠጥ ለአንድ ሌሊት ያመጣው አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ለወራት ሲደጋገም ነው። ቶሎ መጨረስም ሆነ መካንነት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሰፈር ወሬ ግን ሁሉም አንድ ላይ ይጠቀለላል።

መቆም በዋናነት የደም ዝውውር ሥራ ነው። የብልት ደም ቅዳዎች ከልብ ደም ቅዳዎች ስለሚቀጥኑ፣ ስኳር፣ ደም ግፊትና ሲጋራ የሚያደርሱት ጉዳት ብዙ ጊዜ ቀድሞ እዚያ ይታያል፤ የልብ ሕመሙ ከዓመታት በኋላ ሊከተል ይችላል። ጭንቀትና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያመጡታል። ጠዋት ሲነቃ የሚቆምለት፣ ማታ ከሚስቱ ጋር ግን የሚያቅተው ሰው መነሻው ሐሳብ ሊሆን ይችላል።

ለመቆም የሚረዳውን መድኃኒት ቪያግራን በሹክሹክታ ከፋርማሲ መግዛት የሚቀናቸው አሉ። ለልብ ናይትሬት የሚወስድ ሰው ቢውጠው ግን የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል።