ቡናው በምን ይደርቃል?

የነገሥታቱን ዘመቻ ሸምድደናል፤ ውሃ ከቡና ፍሬ እንዴት እንደሚወጣ ግን ማን ጠየቀ? ነገሩ ቀላል ይመስላል። በባሌ፣ አንገቱ አካባቢ፣ ከሐረና ደን የተለቀመ ቀይ ቡና ከነገለፈቱ ይሰጣል። ፀሐይ የምታገኘው ገጹን ነው። የውስጡ እርጥበት የሴሎቹን ስስ ሽፋን እያለፈ፣ ከበዛበት ወዳነሰበት እየተጓዘ መውጣት አለበት።

ይህን ጉዞ በሒሳብ የጻፈው አዶልፍ ፊክ የሕክምና ሰው ነው እኮ! በሰውነት ሽፋኖች ስለሚያልፈው ነገር ሲመራመር፣ እ.ኤ.አ. በ1855 ዙሪክ ላይ ሕጉን አወጣ። ጨው ከሥር፣ ንጹሕ ውሃ ከላይ አድርጎ ሥርጭቱን ለካ፤ ቀመሩን ፉሪዬ በ1822 ለሙቀት ከጻፈው ተዋሰ። በርቀት ውስጥ የመጠን ልዩነቱ ሲሰፋ ፍሰቱም ይበረታል፤ በቃ ይኸው ነው። በ1896 ደግሞ ሮበርትስ ኦስተን ወርቅ ባልቀለጠ እርሳስ ውስጥ ሲጓዝ አሳየ። ጠጣሩም ያሳልፋል ማለት ነው።

ቡናን በስሱ አስጥቶ ማገላበጥ ግን ፊክን አልጠበቀም። ገጹ ቸኩሎ ከደረቀ ልጡ ይጠጥራል፣ እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል። 12 በመቶ ገደማ ሳይደርስ የተከዘነ ቡና ይሻግታል። ከዚያማ ነጋዴው እጁን ጆንያው ውስጥ ከትቶ ያሸትና ዋጋውን ይሰብራል።