ለማየት ብቻ የሚኬድ መንገድ

እናቴ ሕንዶቹን እንዳየች መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምን ሊነግዱ መጥተው ነው?» ብላ ነው።

ጊዜው ነሐሴ 1995 ዓ.ም.፣ ቦታው ቆቦ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ወልድያን ካለፋችሁ በኋላ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ፣ የዞብልን ተራሮች በስተቀኝ አድርጋችሁ የምታገኟት የራያ ቆላ ከተማ ናት። ማሽላዋም ጤፏም የታወቀ ነው።

«አይነግዱም፤ እኛ ዘንድ የሚያስተምሩ ባልና ሚስት ናቸው» አልኳት።

«እዚህ ዘመድ አላቸው?»

«የላቸውም። ሶለልን ሊያዩ ነው የመጡት።»

ይሄስ አልገረማትም። ሶለል የልጃገረዶች ጨዋታ ነው፤ ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ትግራይ ውስጥ አሸንዳ የሚባለውን እኛ ቆቦዎች ሶለል እንለዋለን። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ልጃገረዶች ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ አምረውና ደምቀው በየደጁ ሲጨፍሩ እንግዳ ቆሞ ቢያይ ደንብ ነው። ነገር የመጣው እኔ ምላሴ አላርፍ ብሎ፣ እነዚሁ ባልና ሚስት በዚያው ዓመት መጋቢት የኳስ ጨዋታ ለማየት ደቡብ አፍሪካ ድረስ ሄደው መመለሳቸውን ስነግራት ነው። ጀበናውን ከእሳቱ ላይ አወረደችው።

«ባልና ሚስት? ጨዋታ ሊያዩ? በአይሮፕላን?»

«አዎ እማዬ። ደግሞ ተሸንፈው ነው የተመለሱት።»

በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ሳቋን ገታ ስታደርግ የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። «ከቆቦ ሰው የሚወጣው በሦስት ነገር ነው፤ ወይ ለንግድ፣ ወይ ለስለት፣ ወይ ለስደት። ለማየት ብቻ የወጣ ሰው አላውቅም።»

እናቴ ታሪክ አልተማረችም። እኔ ግን በዩኒቨርሲቲ ስነ ጽሑፍ ሳስተምር የራያን የጉዞ ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰ ሰው አላጋጠመኝም። እውነቷን ነው። ነጋዴው ወደ አፋር ወርዶ ጨው ይዞ ይወጣል። ክርስቲያኑ ለገና ላሊበላ፣ ለመስከረም ማርያም ግሸን ይሄዳል። ሙስሊሙ በሬ ሸጦ፣ ዓመታት ቆጥቦ ለሐጅ መካ ይሄዳል። ልብ በሉ፤ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሆነው ከአገር ሲወጡ የምናየው በዚህ በስለቱ መንገድ ላይ ብቻ ነው። በስደቱ መንገድ ግን አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይጠብቃል። ሚስት ጂዳ፣ ባል ቆቦ፤ ወይም ባል የመን በረሃ ላይ፣ ሚስት ስልክ አጠገብ።

የሕንዶቹ ጨዋታ ክሪኬት ይባላል። እኔም ያኔ ከፊልም በቀር አላውቀውም ነበር። ባልየው በአንድ የሻይ ሰዓት በእርሳስና በኖራ ዘንግ አስረዱኝ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ በሰፊ ዱላ ይመታል፣ መትቶም ይሮጣል። ያኔ አጭር የሚባለው ጨዋታ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር፤ ረጅሙ አምስት ቀን። በመሃሉ የምሳ ዕረፍት አለ፣ የሻይ ዕረፍትም አለ። «አምስት ቀን ቁጭ ብሎ ማየት አይሰለችም?» አልኳቸው። ሚስትየው ቀደም አሉና «ከሚወዱት ሰው ጋር ከሆነ?» ብለው መለሱልኝ።

በኋላ ነገሩን ሳጠናው የገባኝ፣ የዚህ ጨዋታ ታሪክ ራሱ የጉዞ ታሪክ መሆኑን ነው። እንግሊዞች ቡድን አደራጅተው ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር የተሻገሩት እ.ኤ.አ. በ1859 ወደ ሰሜን አሜሪካ ነው። በ1861 ደግሞ አውስትራሊያ ሄዱ። በ1877 ሜልቦርን ላይ የሁለቱ አገሮች የመጀመሪያው ይፋዊ ግጥሚያ ተደረገ። በመርከብ ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ ስለነበር ተመልካች ተከትሎ መሄድ የቻለው አይሮፕላን ከተለመደ በኋላ ነው። በ1994 እና 95 የእንግሊዝ ደጋፊዎች ቡድናቸውን ተከትለው አውስትራሊያን ዞሩ፤ ቡድኑ ሲሸነፍ እነሱ እየዘፈኑ። ሌላም የማያውቀው የሚበዛ ነገር አለ፤ የሴቶቹ የዓለም ዋንጫ በ1973 ሲጀመር የወንዶቹ ገና አልነበረም። የወንዶቹ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1975 ነው።

የእኛዎቹ ባልና ሚስት የሄዱበት የ2003ቱ ዋንጫ ደግሞ ወደ ደጃችን የመጣ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከዚምባብዌና ከኬንያ ጋር ነው ያዘጋጀችው። ኒውዚላንድ ጸጥታ ያሰጋኛል ብላ ናይሮቢ አልሄድም ስትል ነጥቡ ለኬንያ ተሰጠ። የእኛዎቹ ግን የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት ጠብቀው ናይሮቢ ወረዱ፤ የካቲት 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ኬንያ የቀድሞዋን የዓለም ሻምፒዮን ስሪላንካን በ53 ነጥብ ስትረታ በዓይናቸው አዩ። ጎረቤታችን ኬንያ በዚያ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ ደርባን ላይ በሕንድ ተሸነፈች። ባልና ሚስቱ ለፍጻሜው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቀው ጆሃንስበርግ ሄዱ። መጋቢት 14 ቀን አውስትራሊያ ሕንድን በ125 ነጥብ ቀጣቻት። ሲመለሱ ለማጽናናት ቢሯቸው ብገባ፣ ሁለቱም ተደጋግፈው ፎቶ እያዩ ይስቃሉ። እኔ ያዘነ ሰው ስጠብቅ ያገኘሁት የጫጉላ ሽርሽር ነው።

እንግዲህ ይሄኔ አንባቢ «ሀብታም ስለሆኑ ነዋ!» ሊለኝ ይችላል። ሰዎቹ መምህራን ነበሩ። ይልቅ የአንድ ዓመትን ነገር ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1984፣ በእኛ 1976 ዓ.ም.፣ ሻርጃ በረሃ ላይ የእስያ የክሪኬት ዋንጫ ተጀመረ። ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ባሕረ ሰላጤው አገር ሕንጻ የሚገነቡ የሕንድና የፓኪስታን ሠራተኞች ነበሩ። በዚያው ዓመት በ1984 አሜሪካ፣ ሂዩስተን ከተማ፣ በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው የእግር ኳስ ውድድር ጀመሩ። ያ ውድድር የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ሆኖ፣ በየዓመቱ በሐምሌ አካባቢ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ከከተማ ከተማ የሚጓዙበት በዓል ሆነ። ለጨዋታ ተብሎ ቤተሰብ ይዞ መጓዝን ከእኛ ሰዎች መካከል እንደ ልማድ የያዙት እነዚህ ናቸው ብል የሚከራከረኝ አይኖርም።

እኛስ፣ በዚያው ዓመት? ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የማይክል በርክንና የኬንያዊውን የካሜራ ሰው የመሐመድ አሚንን ዘገባ አስተላለፈ። ቦታው ኮረም ነው፤ ከቆቦ አላማጣ፣ ከአላማጣ ሽቅብ ተራራውን ስትወጡ። ሌላው ዓለም ጨዋታ ሊያይ ሲጓዝ፣ የራያ ሰው በረሃብ ሲሞት የሚታይ ሆነ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ከአስፋልቱ ዳር ቆመን የነጭ መኪኖቹን ሰልፍ እናይ ነበር፤ እነሱም እኛን ያዩናል። እርዳታው ሰው አድኗል፤ ምስጋናውን አልነፍግም። ግን የሚያይና የሚታይ እኩል አይደሉም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ «ለማየት መሄድ» የሚለው ነገር ለእኔ ተራ የቅንጦት ጉዳይ ሆኖልኝ አያውቅም።

አሁን ስለራሴ ልናዘዝ። ባለቤቴም የቆቦ ልጅ ናት፤ ኳስ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። ሆኖም ዲኤስቲቪ ቤት በየቅዳሜው የምሄደው ከጓደኞቼ ጋር ነበር። አንድ ቀን «እኔስ?» ብትለኝ «እዚያ እኮ ሴት አይገባም» አልኳት። ማን ከለከለ? ማንም። እኛው ነን። ሕንዶቹን ካወቅኩ በኋላ ግን ይህ መልሴ ያሳፍረኝ ጀመር። ብሔራዊ ቡድናችን አንድ ቀን ለአፍሪካ ዋንጫ ካለፈ አብረን ሄደን እንደምናይ ቃል ገባሁላት። ቃሉ ርካሽ ነበር፤ ቡድኑ ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው ዋንጫ ወዲህ አልፎ አያውቅማ! ቢሆንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ፖስታ አስቀመጥንና ከደመወዝ እየቀነስን እንጨምርበት ጀመር።

በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከ31 ዓመት በኋላ፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን አለፈ። ዋንጫው ደቡብ አፍሪካ ነው። ፖስታውን ቆጠርን፤ ለሁለት ሰው የአይሮፕላን ትኬት ደረሰ። በታኅሣሥ ግን ከቆቦ ስልክ ተደወለ። የባለቤቴ እህት ልጅ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሳዑዲ ሊገባ የወጣ ጎረምሳ፣ የመን ላይ በአጋቾች እጅ ወድቋል። ገንዘብ ካልተላከ… የቀረውን መንገር አያስፈልግም። ፖስታው በአንድ ቀን ባዶ ሆነ። አልተማከርንም፤ የሚያማክር ነገር አልነበረበትም። ልጁ ተለቀቀ፣ ሳዑዲም ገባ፤ በቀጣዩ ዓመት ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እሱም አብሮ ተመለሰ።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ስንጫወት ባለቤቴና እኔ ቤታችን ሶፋ ላይ ነበርን። ቀኑ ራሱ ያስገርማል፤ በ1954 ዓ.ም. ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያነሳነውም ጥር 13 ነው። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ፣ ገባብን፤ በአሥር ሰው እየተጫወትን አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ባለቤቴ ዘልላ ተነሳች። ከዚያ ካሜራው ተመልካቹን አሳየን፤ ስታዲየሙ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሷል። «ይሄ ሁሉ ሰው ከአገር ቤት ሄዶ ነው?» አለች። አብዛኛው አይደለም። እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሱቅ የሚሠሩ፣ ከሆሳዕናና ከከምባታ በሞያሌ በኩል ስንት አገር አቋርጠው የገቡ ልጆች ናቸው። ለማየት አልወጡም፤ ወጥተው ሳሉ ማየት ደረሰላቸው። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0 አሸነፉንና ተመለስን። ስታዲየሙ ውስጥ ያሉት ግን እስከ መጨረሻው እየዘፈኑ ነበር።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ሕንዶቹ ያዩትን ሶለልም እኔና ባለቤቴ አብረን ካየነው ቆይቷል። በነሐሴ 2013 እና በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፣ ሁለቱንም ጊዜ በልጃገረዶቹ ጨዋታ ወቅት፣ ቆቦ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ከዚያ ወዲህም መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድ አልሆነም። አሁን አሁን ሳስበው፣ ሰላም ማለት ባልና ሚስት «እስቲ ሄደን እንይ» ብለው ያለ ሌላ ምክንያት መንገድ ሲወጡ ነው። ጆሃንስበርጉ ይቆየን፤ ቆቦስ?

ኅዳር 2016 ዓ.ም. ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ ደረሰኝ። ሕንዶቹ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል፣ ጸጉራቸው ነጭ ሆኗል። አሕመዳባድ ላይ የዓለም ዋንጫውን ፍጻሜ ሊያዩ ሄደው፣ በትልቁ ስታዲየም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከ20 ዓመት በኋላ ያሸነፈቻቸው አሁንም አውስትራሊያ ናት! እየሳቅኩ ለባለቤቴ አሳየኋት። እሷ አልሳቀችም። ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

«አየህ» አለችኝ፣ «አሁንም አብረው ነው የተሸነፉት።»

ቁም ሳጥኑ ውስጥ አዲስ ፖስታ አስቀምጠናል። በላዩ ላይ የጻፈችው እሷ ናት፤ «ሶለል» ይላል።