የጎደለው ሒሳብ

የኑክሌር ፊዚክስን ሀሁ መቁጠር ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የወሰደው የአንድ ጉድለት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1914 ጄምስ ቻድዊክ በርሊን ላይ ከአቶም አስኳል የሚወጡ ኤሌክትሮኖችን ጉልበት ቢለካ መጠኑ ወጥ ሆኖ አልተገኘም። ኋላ እንደተረጋገጠው፣ ከአስኳሉ ወጪ የሆነው ጉልበት ሁሉ በኤሌክትሮኑ በኩል ገቢ አልሆነም። ታላቁ ኒልስ ቦር እንኳ የጉልበት ሕግ በዚህ ስፍራ አይጸና ይሆናል እስከ ማለት ደረሰ።

ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን ሕጉን አልጣለም። ዲሴምበር 4 ቀን 1930 ከዙሪክ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጉድለቱን ይዞ የሚሰወር፣ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው ቅንጣት ሳይኖር አይቀርም ሲል ገመተ። (ደብዳቤ የላከው የጭፈራ ግብዣ ስላለበት ወደ ጉባኤው መሄድ ባለመቻሉ ነው!) ሒሳብ ሲዘጋ ለሚያመሽ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ድፍረት ከቅኔ አያንስም።

ኋላ ኒውትሪኖ የተባለውን ይህን ቅንጣት ራይንስና ካወን በአሜሪካ፣ ሳቫና ሪቨር ከሚገኝ የኑክሌር ማብላያ አጠገብ አገኙት። ዘመኑ 1956 ነበር። ለፓውሊ ቴሌግራም ላኩለት፤ ገና በሕይወት ነበረ።