ከአይጥ ጅራት እስከ ልብ ጠባሳ

ወላይታ ሶዶ ያለች ልጅ በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመሟ ካልታከመ፣ ውሎ አድሮ የልቧ ቫልቭ ተጎድቶ ደም ወደ ኋላ ሊያፈስ ይችላል። ስንት ደም? ደረት ሳይከፈት እንዴት ይለካል?

መልሱ ከአይጥ ጅራት ይጀምራል፤ አትሳቁ! እ.ኤ.አ. በ1959 ጀሮም ሲንገር በአሜሪካ በሕይወት ያለ አይጥ ጅራት ውስጥ የሚፈሰውን ደም በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ ለካ። በደም ውስጥ ያለው ውኃ ሃይድሮጂን አለው፤ ሃይድሮጂኑ ማግኔት ውስጥ ሆኖ ሞገዱ ሲነካው ምልክት ይመልሳል። ደሙ ሲሄድና አዲስ ሲተካ ምልክቱ ይለወጣል፤ ፍጥነቱም ከዚያ ይታወቃል።

ለእኔ የሚገርመው ግን የ2000ው ነው። ሬይመንድ ኪምና ባልደረቦቹ ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ሰጥተው ልብን በኤምአርአይ አነሱ። መድኃኒቱ ጠባሳ ላይ ስለሚዘገይ የሞተው ጡንቻ አበራ። ደክሞ ያላበራው ጡንቻ ግን አልሞተም፤ የደም ሥሩ ሲከፈትለት አብዛኛውን ጊዜ እንደገና መሥራት ጀመረ።

ለሶዶዋ ልጅ ሐኪሟ መጀመሪያ የሚያዝላት አልትራሳውንድ ነው፤ ርካሽና ፈጣን ነዋ። ኤምአርአይ የሚመጣው እሱ ያልመለሰው ጥያቄ ሲኖር ነው።