ሙግትና ትዝታ፦ ከማታ ክፍላችን ያገኘነው የታሪክ ትምህርት

ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን አባላት መካከል 10 ሆነን የማታ ትምህርት ተመዘገብን። አብዛኞቻችን ትምህርት ያቋረጥነው በልጅነታችን ነው። ከመካከላችን ትልልቆቹ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ደብተር አልያዙም ነበር። ቀን በርበሬ ስንቀነጥስ፣ እንጀራ ስንጋግር እንውልና አመሻሽ ላይ ደብተራችንን በነጠላ ሸፍነን እንወጣለን። ይህን ጽሑፍ በጋራ የጻፍነው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ያነበብነው የድሮ ታሪክ ማኅበራችን ውስጥ ያልጠበቅነውን ክርክር ስላስነሳ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

መምህራችን በአንድ ሳምንት ሁለት ንባብ ሰጡን። አንደኛው ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተወሰደ ነው። ሁለተኛው ከፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወት ታሪክ፣ ስለ ልጅነታቸው የሚያወሩበት ክፍል ነው። «የመጀመሪያው አሳማኝ ድርሰት ነው፤ ሁለተኛው የልጅነት ትዝታ ነው። ልዩነታቸውን ነግራችሁኝ አንድነታቸውን ፈልጉ» አሉን። አንዷ እኅታችን ወዲያው፣ «ይኼኛው ይሟገታል፤ ያኛው ያወጋል» አለች። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን ግን ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

ሙግትም ወግም ለእኛ አዲስ አይደሉም። በቀድሞው ዘመን ሁለት ባለጉዳዮች ዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ አገር ይሰበሰብ ነበር። ተሟጋቹ ነጠላውን አሳምሮ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ነገሩን በግጥምና በምሳሌ አዋዝቶ፣ ማርና በቅሎ ተወራርዶ ይናገራል። ሴቶችም ለርስታቸው ይሟገቱ ነበር። ትዝታ ደግሞ በአብዛኛው በሴቶች አፍ ውስጥ ኖሯል። አልቃሽ የሟችን ሕይወት ከትውልዱ ጀምራ ታወርዳለች፤ ወፍጮ ላይ ያለች ሴት የሆዷን በእንጉርጉሮ ታወጣለች። ችግሩ ሁለቱም በቃል የሚቀሩ መሆናቸው ነበር። በጽሑፍ የሚቀመጠው በአብዛኛው የነገሥታት ዜና መዋዕልና የቅዱሳን ገድል ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የወለተ ጴጥሮስ ገድል የአንዲት ሴትን ሕይወት ከልጅነቷ ጀምሮ ይተርካል። ብርዕ የያዘው ግን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው፤ እርሷ ራሷ «እኔ» ብላ አልጻፈችም።

ታዲያ «እኔ እንዲህ አስባለሁ»፣ «እኔ እንዲህ አየሁ» የሚለው ጽሑፍ በአገራችን ቋንቋዎች እንዴት ወደ ማተሚያ ቤት ደረሰ? መልሱን ስንፈልግ ምጽዋ አጠገብ ከምትገኝ እምኩሉ ከምትባል ትንሽ ቦታ ደረስን። እዚያ የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረው። በተለያየ ጊዜ ሁለት ልጆች በዚያ ትምህርት ቤት አልፈዋል።

የመጀመሪያዋ አስቴር ጋኖ ናት። ሊሙ እናርያ በባርነት የተያዘች ኦሮሞ ልጅ ነበረች። ወደ ዓረብ አገር ለመሸጥ በመርከብ ስትጫን፣ በ1878 ገደማ ጣሊያኖች መርከቡን ይዘው ነጻ አወጧትና እምኩሉ ገባች። እዚያ ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ተገናኘች፤ እርሳቸውም በልጅነታቸው ከባርነት የወጡ ሰው ነበሩ። ሁለቱ ሆነው በ1886 ገደማ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ጽሑፎች ብዙዎቹን የጻፉት አስቴር ናቸው። ተረቱን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን፣ እንቆቅልሹንና ዘፈኑን ከልጅነት ትዝታቸው እየለቀሙ ነበር የጻፉት። በ1891 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም ብዙ ደክመዋል።

ሁለተኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። የተወለደው አድዋ አካባቢ ሲሆን፣ አባቱ በ1881 በመተማ ጦርነት ሞቱ። ልጁ ወደ ምጽዋ ወረደና እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ወደብ ላይ ከቆመች መርከብ ገብቶ ተደብቆ ባሕር ተሻገረ፤ ኦስትሪያ ውስጥ አሳዳጊ አገኘና በኦስትሪያና በጀርመን ተማረ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1904 ገደማ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፋቸው አሥመራ ታተመ። በዚያ ጽሑፍ የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በሥርዓት እንዲተመን፣ ሕግ እንዲጸና ይሟገታሉ። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተው በ1911 ገና በወጣትነታቸው አረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ነው። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ባለ ዕውቀቱ አገር ጥገኛ ሆኖ እንደሚቀር የሚያስረዱት በዚህ መጽሐፍ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1917፣ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ወጣ፤ የተማሩ ሰዎችም ስለ አስተዳደር፣ ስለ ትምህርትና ስለ ልማድ በአደባባይ በጽሑፍ መከራከር ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ነው መምህራችን ያቆሙን። «የነጋድራስን ጽሑፍ ፈትሹት፤ ምን ምን አለበት?» አሉ። ፈተሽነው። አቋም አለ፣ ምክንያት አለ፣ ከሌላ አገር የተወሰደ ማነጻጸሪያ አለ። «ይህን የሚቃወም ሰው እንዲህ ሊል ይችላል» ተብሎ ሊታሰብ የሚችለውም መልስ አለው። እኛ ባነበብነው ክፍል ውስጥ ግን ስለ ራሳቸው ልጅነት አንድም ቃል የለም። አባቱን በጦርነት ያጣ፣ በመርከብ ተደብቆ የተሰደደ ልጅ፣ አድጎ ስለ አገሩ ድህነት ሲጽፍ «እኔም አይቼዋለሁ» አላለም። አንባቢው በእንባ ሳይሆን በሒሳብ እንዲረታ የፈለጉ ይመስለናል።

የተክለ ሐዋርያት ጽሑፍ ሌላ መንገድ ይሄዳል። እርሳቸውም በ12 ዓመታቸው ገደማ በ1888 ከአድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ የተወሰዱ ልጅ ነበሩ። አድገው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፤ በአማርኛ የመጀመሪያውን ቲያትርም ጽፈዋል። የሕይወት ታሪካቸው የታተመው ግን ካረፉ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፦ ያየው ልጅና የሚያወራው ሽማግሌ። መምህራችን፣ «ልጁ ያየውን ሽማግሌው ካወቀው ለዩ» ሲሉን መጀመሪያ አልገባንም። ኋላ ግን እያንዳንዳችን የራሳችንን ልጅነት ስንጽፍ ገባን። እናታችን የዚያን ቀን ለምን እንዳለቀሰች ያወቅነው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየነው ግን የመቀነቷን ጫፍ ብቻ ነበር። ትዝታ የሚጻፍ ሰው ለሁለቱም ታማኝ መሆን አለበት። ያልታየውን እንደታየ አድርጎ ቢጽፍ አንባቢው ይነቃበታል።

የቤት ሥራችንም ይኸው ነበር፤ አንድ ትዝታና አንድ አሳማኝ ድርሰት። ታሪኩ ወደ ማኅበራችን የገባው በዚህ በኩል ነው።

ከመካከላችን አንዷ እኅታችን የጻፈችውን ትዝታ ክፍል ውስጥ አነበበች። ከገጠር በልጅነቷ «ትማሪያለሽ» ተብላ ከተማ መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ ነው ያደገችው። በየማለዳው የአሠሪዎቿን ልጅ ቦርሳ ተሸክማ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ትሄዳለች። ልጁ ይገባል፣ ዘበኛው በሩን ይዘጋል፣ እርሷ ትመለሳለች። ውስጥ ፊደል የሚቆጥሩትን ልጆች ድምፅ ለመስማት ብላ ጥቂት ትዘገያለች፤ በዘገየች ቁጥር ትመታለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያላለቀሰ አልነበረም።

የማኅበራችን ኮሚቴ ይህን ሲሰማ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ በዚህ መጽሔት እንዲወጣና ለደጋፊዎቻችን ከምንልከው የድጋፍ ጥያቄ ጋር እንዲያያዝ ወሰነ። በቅን ልብ ነው፤ ለማታ ተማሪዎች መጽሐፍ መግዣ ያስፈልገን ነበር። እኅታችን ግን በስብሰባው ላይ ተነሥታ፣ «እኔ ለእናንተ አወጋኋችሁ እንጂ ለልመና አልሰጠኋችሁም። ትዝታዬ ማመልከቻ አይደለም» አለች።

ዝም አልን። እውነቱን መናገር ካለብን፣ ከዚህ በፊት በላክናቸው ሪፖርቶች የእኅቶቻችንን ታሪክ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ባለቤቶቹን በደንብ ሳንጠይቅ የጻፍንበት ጊዜም አለ። የሚያስለቅስ ታሪክ በፍጥነት መልስ ያስገኛል ብለን ነበር።

በዚያ ሳምንት ስለ አስቴር ጋኖ የተማርነውን አንዷ አስታወሰች። አስቴር ጋኖ በባርነት የተሸጡ ሴት ናቸው። በንባብ መጽሐፉ ለአንባቢ ያቀረቡት ግን የአገራቸውን ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን ነው። ባሪያ ፈንጋይ ሊወስድባቸው ያልቻለውን ነገር መርጠው ሰጡ። ከትዝታው ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚቀመጥ የሚወስነው ባለቤቱ መሆኑን የተማርነው ከዚህ ነው። እኅታችንም ነገሩ ከተነጋገርንበት በኋላ፣ «የትምህርት ቤቱን በር ጻፉ፣ ሌላውን ተዉት» አለችን። ከላይ ያነበባችሁት በፈቃዷ የተጻፈ ነው፤ ሌላውን አንጽፍም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ከስብሰባው በኋላ ሌላዋ እኅታችን፣ «ለመሆኑ እኛ ማታ ክፍል ስንቀመጥ የኛን ልጆች ማን ይዞልናል?» ብላ ጠየቀች። ከ10 ተማሪዎች 6ታችን ቤት የምትሠራ ልጅ አለችን። የትምህርት ቤቱን በር ታሪክ ሰምተን ያለቀስነው እኛ፣ በየቤታችን ሌላ ልጅ በር ላይ አቁመናል።

አሳማኙን ድርሰት የጻፍነው ያን ጊዜ ነው። ለቀበሌም ለለጋሽም አልነበረም፤ ለራሳችን ነበር። አቋማችን፦ ቤቷ ሠራተኛ ያላት አባል ሁሉ ሠራተኛዋ የማታ ትምህርት እንድትማር ትፍቀድ። ምክንያታችን፦ «ትማሪያለሽ» ተብላ የመጣች ልጅ የተገባላት ቃል ዕዳ ነው፤ ማኅበራችንም የቆመው ሴት እንድትችል ነው። ማስረጃችን፦ የራሳችን ሕይወት፣ እያንዳንዳችን ትምህርት ያቋረጥንበት ምክንያት ተዘርዝሮ። ተቃራኒውንም አልደበቅንም፦ «እራት ማን ይሠራል? ሕፃን ማን ይይዛል? በምሽት ብትጎዳ ማን ይጠየቃል?» እነዚህ የስንፍና ጥያቄዎች አይደሉም። ስለዚህ መልስ ፈለግንላቸው። ጎረቤታሞቹ ተራ ገብተን በአንድ ቤት ልጆች እንይዛለን፤ ልጆቹ ከእኛ ጋር አብረው ሄደው አብረው ይመለሳሉ፤ እራት ቀን ላይ ተሠርቶ ይቀመጣል።

ድርሰቱ ሲነበብ ሁሉም አልተስማማም። «ደሞዝ እከፍላለሁ፣ ሌላ ምን ይደረግላት?» ያለች አለች፤ ክርክሩ እስከ ምሽት ዘለቀ። ከ6ቱ 4ቱ ተቀበሉ። ዛሬ 4 ልጆች ከእኛ ጋር ወደ ማታ ትምህርት ይሄዳሉ፤ አንደኛዋ ከአሠሪዋ ቀድማ እጇን የምታወጣ ሆናለች። በሁለቱ ቤቶች ውይይቱ አላለቀም። አናስገድድም፤ ግን ዝም አንልም።

አሁን የመምህራችንን ጥያቄ መመለስ የምንችል ይመስለናል። ትዝታው ባይነበብ ኖሮ ድርሰቱን ለመጻፍ አናስብም ነበር፤ በየቤታችን ያለውን አላየነውምና። ድርሰቱ ባይጻፍ ደግሞ አልቅሰን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር፤ እራቱም እንደ ወትሮው በዚያችው ልጅ ይሠራ ነበር። ትዝታ ዓይን ይከፍታል፤ ሙግት ደግሞ ከዚያ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት ያስወስናል። አንድነታቸው ሁለቱም እውነት ካልያዙ መውደቃቸው ነው።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ከእንግዲህ በሪፖርታችን የእኅቶቻችንን የግል ታሪክ የምታገኙት ባለቤቷ አንብባ ስትፈቅድ ብቻ ነው። ከእርሱ ይልቅ ምን እንደሠራን፣ ስንት እንዳወጣንና ምን እንደቀረን በግልጽ እንጽፍላችኋለን። ለማታ ተማሪዎቻችን፣ ለ10ራችንም ለ4ቱ ልጆችም፣ መጽሐፍ ያስፈልጋል፤ ይኸው ጠየቅናችሁ።

ውድ እኅቶቻችን፣ እናንተም ልጅነታችሁን ጻፉ። መጽሔቱ ላይ ይውጣ ብላችሁ ብትሰጡን እናወጣዋለን። ለልጆቻችሁ ብቻ አስቀምጡት ብትሉም ደብተሩ ደብተራችሁ ነው። ከጻፋችሁ በኋላ ግን ቀና ብላችሁ ቤታችሁን እዩ፤ በር ላይ የቆመ ሰው እንዳይኖር።